መነካትና መዳሰስ፦ ለሰው ሠራሽ እጅ የንክኪ ስሜትን ስለ መመለስ

 

ርእሱን የመረጥሁት በተማሪዎቼ ምክንያት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለመመረቂያ ሥራ ከሚቀርቡልኝ ሐሳቦች መካከል «ሰው ሠራሽ እጅ» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል። አምስት ጣት፣ አምስት ሞተር፣ በፕሪንተር የታተመ ፕላስቲክ። ሥራው ያስመሰግናል፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። «ይህ እጅ ዕቃ ሲይዝ ባለቤቱ መያዙን በምን ያውቃል?» ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ያየዋል» የሚል ነው። ዛሬ የምናገረው በዚህ መልስ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንሞክር። እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ወይም ወደ ቦርሳችሁ አስገቡና አንድ ቁልፍ ወይም አንድ ሳንቲም አግኙ። አሁን ጣታችሁን በዕቃው ላይ አሳርፋችሁ ፈጽሞ አታንቀሳቅሱት። የሚሰማችሁ ምንድን ነው? ጥንካሬ፣ ጥቂት ቅዝቃዜ፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ ነገር የለም። አሁን ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። ጠርዙ፣ ጥርሱ፣ ቀዳዳው ወዲያው ይገለጣል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁር የነበረው ጄምስ ጊብሰን ይህንኑ በ1962 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብስኩት መቁረጫ ቆርቆሮዎች ለክቶታል። ተሳታፊዎቹ ቅርጹን ሳያዩ በጣታቸው ጫፍ እየዞሩ ሲመረምሩት 95 በመቶ ያህል በትክክል ለዩት። ያው ቆርቆሮ በማይንቀሳቀስ መዳፋቸው ላይ ሲጫንባቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 49 በመቶ ወረደ። ቆዳው ያው የሰው ቆዳ ነው፤ ቆርቆሮውም ያው ነው። የጎደለው የእጁ የራሱ ፍለጋ ነበር።

አማርኛ ይህን ልዩነት ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ስንቆጥር ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ ብለን አምስተኛውን «መነካት» አንለውም፤ «መዳሰስ» እንለዋለን። ዝናብ ይነካናል፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳያስበው ይነካናል። የሚዳስስ ግን ፈልጎ የሚሄድ እጅ ነው። ቋንቋ የሳይንስ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለዛሬው ክርክሬ ከእነዚህ ሁለት ቃላት የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ክርክሬም ይህ ነው፦ የነርቭ ማነቃቂያ ምርምር መነካትን ለሰው ሠራሽ እጅ መመለስ ችሏል። መዳሰስን ለመመለስ ግን ገና በጅምር ላይ ነው። ጥሩ ውጤት የተገኘባቸውን ጥናቶች ስንመረምር፣ በአብዛኛው ማነቃቂያው ከሰውየው የራሱ እንቅስቃሴ ጋር በቦታም በጊዜም የተገናኘባቸው ሆነው እናገኛቸዋለን።

ጤነኛ እጅ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ላስታውስ። ዮሃንሰንና ቫልቦ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በ1979 ባወጡት ግምት፣ በአንድ መዳፍና በጣቶቹ የውስጥ ገጽ ላይ 17,000 ያህል ንክኪን የሚያስተላልፉ የነርቭ ክሮች አሉ። እነዚህም በአራት ዓይነት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ግፊቱ እስካለ ድረስ ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ነገሩ ሲጀምርና ሲያበቃ ብቻ ይጮኻሉ፤ ፓቺኒ የሚባሉት ደግሞ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ረቂቅ ንዝረትን ይሰማሉ። ቡና የተሞላ ሲኒ ስታነሡ በጣታችሁና በሲኒው መካከል ጥቂት መንሸራተት ቢጀምር፣ ገና ሳታውቁት፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጣታችሁ ጠበቅ ያደርጋል። ብዙም አያጠብቅም፤ እንዳይወድቅ የሚበቃውን ያህልና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። ዓይን ይህን ሥራ ሊተካው አይችልም። ዓይን መንሸራተቱን የሚያየው ቡናው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

በሥራ ላይ ያሉት በባትሪ የሚንቀሳቀሱ እጆች በቀረው ክንድ ጡንቻ ላይ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምልክት አንብበው ጣትን ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። ትእዛዝ ይወጣል፤ ወሬ ግን በአብዛኛው አይመለስም። ባለቤቱ እጁን በዓይኑ ሲጠብቅ ይውላል። ብዙ ሰዎች ውድ የሆነውን እጅ ከጊዜ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡት በክብደቱና በማይመች ማቀፊያው ብቻ አይደለም፤ ይህ ድካምም ድርሻ አለው።

ኤሌክትሮድ በነርቭ ላይ ከማሠር በፊት ስለ ተሞከረ አንድ ቀላል መንገድ ላንሣ፤ ለእኛም ቅርብ ነው። ፖል ብራንድ ሕንድ አገር የተወለደ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ የጣቶች መጉደል ብዙውን ጊዜ በሽታው ሥጋን ስለሚበላ ሳይሆን፣ ነርቭ ከሞተ በኋላ ሰውየው ሳይሰማው በሚደርስበት ቃጠሎና ቁስል የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ከ1965 ጀምሮ በአዲስ አበባ የቆመውን አለርትን የምታውቁ፣ በተለይም እዚያ የልምምድ ጊዜ ያሳለፋችሁ፣ ስለ ምን እንደምናገር ታውቃላችሁ። የጋለ ድስት ጆሮ የያዘ እጅ አይሸሽም። የማይሰማ ጣት መዶሻውንም መጥረቢያውንም ከሚገባው በላይ ጨብጦ ራሱን ይልጣል።

ብራንድ በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በካርቪል ሆስፒታል ሲሠራ ከመሐንዲሶች ጋር ሆኖ ሰው ሠራሽ የሕመም ሥርዓት ለመሥራት ሞከረ። ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎች ያሉበት ጓንት ሠሩ። አደጋ ሲቃረብ በመጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎም ብርሃን ያስጠነቅቅ ነበር። ሕሙማኑ ግን ድምፁን ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ስሜት በቀረበት ቦታ፣ በብብት ላይ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጥ አደረጉ። ይህም አልሠራም። ንዝረቱ ከእጁ የመጣ ወሬ ሳይሆን ከውጭ የመጣ ቅጣት ሆኖ ተሰማቸው፤ አስቸጋሪ ሥራ ሲገጥማቸው መሣሪያውን ያጠፉት ነበር። መሣሪያው ምን ያህል ግፊት እንዳለ በትክክል ይናገራል፤ መረጃው አልጎደለም። የጎደለው ቦታው ነው። የጣት ወሬ በብብት ሲመጣ የጣት ወሬ አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄው ወሬውን በትክክለኛው መንገድ፣ ማለትም በራሱ በነርቩ በኩል፣ መመለስ ይቻላል ወይ የሚል ሆነ። እጅ ቢቆረጥም ወደ እጅ ይሄዱ የነበሩት ሚዲያን፣ አልናርና ራዲያል የተባሉት ነርቮች በቀረው ክንድ ውስጥ አሉ። የአንጎል ካርታም አለ። ፔንፊልድና ቦልድሪ በ1937 በሞንትሪያል ነቅተው በሚተኙ ሕሙማን አንጎል ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት እየነኩ ይህን ካርታ አወጡት። እጅና ፊት ከስፋታቸው በላይ ቦታ ይዘው ተገኙ።

በክሊቭላንድ፣ በኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ፣ የደስቲን ታይለር ቡድን ነርቭን አቅፎ በጥቂቱ ጠፍጠፍ የሚያደርግ ኤሌክትሮድ ተጠቀመ። ነርቭ ጠፍጠፍ ሲል ውስጡ ያሉት የክር ጥቅሎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማነቃቃት ይቻላል። የሚላከው ምት በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ ነው። እያንዳንዱ ምት ሁለት ገጽ አለው፤ የገባው ቻርጅ ተመልሶ ይወጣል፤ ይህ ካልሆነ ብረቱም ሥጋውም ይጎዳል። (የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች፣ በፈተና የምጠይቃችሁ ይህን ነው።) በ2014 ያወጡት ውጤት በሁለት ሰዎች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ስሜቱ በሌለው እጅ ላይ፣ በተለዩ ቦታዎች፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይናወጥ እንደቆየ አሳይቷል።

የስሜቱን ጥራት በሚመለከት ያገኙት ነገር ከሁሉ ይልቅ ይገርመኛል። ምቱ ወጥ በሆነ መጠን ሲላክ፣ የደነዘዘ እግር ሲለቀን የምናውቀውን ዓይነት ውርር የሚያደርግ ስሜት ይሰጥ ነበር። የምቱን ጥንካሬ በዝግታ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ግን ውርሩ ጠፍቶ አንድ ሰው በጣቱ የጫነ ያህል ተፈጥሯዊ ግፊት ሆነ። የቼሪ ፍሬን ከነግንዱ ይዞ ግንዱን መንቀል የሚባል ሙከራም ነበረ። ሰውየው ሳያይና ሳይሰማ፣ ማነቃቂያው ሲጠፋ ፍሬውን ብዙ ጊዜ ይጨፈልቀው ነበር፤ ሲበራ ግን በአብዛኛው ይሳካለት ነበር። በሌለው እጃቸው ይሰማቸው የነበረው ሕመምም ረገበ። ይህ መጀመሪያ ላይ ያልታሰበ ውጤት ነው፤ ሌሎች ቡድኖችም በኋላ ተመሳሳይ ነገር ዘግበዋል።

በዚያው ዓመት በሲልቬስትሮ ሚቼራ የሚመራው የጣሊያንና የስዊስ ቡድን በነርቩ ውስጥ የሚሻገር ቀጭን ኤሌክትሮድ በሮም ሆስፒታል አስገብቶ፣ እጁን ከዓመታት በፊት ያጣ ሰው ዓይኑ ተሸፍኖ ዕቃ ክብ ይሁን ማዕዘን ያለው፣ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ እንዲለይ አስቻለ። ልብ በሉ፦ ሰውየው የሚነግረው ኤሌክትሮዱ ብቻ አልነበረም። እጁን ራሱ በጡንቻው እየዘጋ፣ ግፊቱ እንዴት እንደሚያድግ ከራሱ መዝጋት ጋር እያስተያየ ነበር። ጨምቆ ይጠይቃል፤ ነርቩ ይመልሳል። ለስላሳነትን በአብዛኛው የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ቦታም አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። በስዊድን፣ በጎተንበርግ፣ የማክስ ኦርቲዝ ካታላን ቡድን ሰው ሠራሽ ክንድን በቀጥታ ከአጥንት ጋር ያያይዛል። ሽቦዎቹ በአጥንት ውስጥ ባለው ተከል በኩል ስለሚያልፉ ሕሙማኑ ቤታቸው ሄደው፣ ሥራቸውን እየሠሩ ለዓመታት ይጠቀሙበታል። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ ላይ የሚሰማው ቦታና መለኪያው ያለበት ጣት አይገጣጠሙም ነበር። ብዙዎቻችን አንጎል ተለማማጅ ነው፣ ከጊዜ በኋላ ስሜቱ ወደ ትክክለኛው ጣት ይሸጋገራል ብለን እንጠብቅ ነበር። በ2020 የታተመው ጥናት ግን ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ ከተጠቀሙ በኋላም ስሜቱ ከቦታው ፈቀቅ እንዳላለ አሳየ። «አንጎል ሁሉን ይለምዳል» የሚለው አባባል እንደ መፈክር በሚነገርበት ዘመን ይህን ውጤት ተማሪ ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ።

ከነርቭ ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ በተቋረጠበት፣ ማለትም ሕብለ ሠረሠሩ በተጎዳ ሰው ላይ፣ መንገዱ ወደ አንጎል ራሱ ነው። በ2023 በሞት የተለየን የቺካጎው ስሊማን ቤንስማያ ተፈጥሮ የምትጠቀምበትን ቋንቋ አጥንተን በዚያው ቋንቋ እንናገር እያለ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። የእርሱ ሐሳብ ከፒትስበርግ ቡድን ሥራ ጋር ተገናኘ። በ2021 በታተመው ጥናት አንድ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው የሮቦት ክንድን በሐሳቡ ሲያዝ፣ ክንዱ ዕቃ ሲነካ ደግሞ በአንጎሉ የንክኪ ክፍል ላይ ማነቃቂያ ይደርሰው ነበር። በዓይን ብቻ ሲሠራ ሥራውን ለመጨረስ በመካከለኛ ግምት 20.9 ሰከንድ ይፈጅበት የነበረው፣ ንክኪ ሲጨመርበት 10.2 ሰከንድ ሆነ። የተረፈው ጊዜ በአመዛኙ «ይዤዋለሁ ወይስ አልያዝሁትም?» እያለ ሲሞክር ያባክነው የነበረው ነው። ይህ በአንድ ሰው ላይ የተገኘ ውጤት ነው። የዚህን መስክ ጽሑፎች ስታነቡ ከአርእስቱ ቀድማችሁ የተሳታፊዎችን ቁጥር ፈልጉ።

አሁን ወደ ተሐድሶ ልለፍ፤ የምናገረው ስለ ሌላ ነገር ቢመስልም ጉዳዩ ያው ነው። በ1961 ሊበርሰንና ባልደረቦቹ ከስትሮክ በኋላ እግራቸው ለሚንጠለጠል ሕሙማን አንድ ቀላል መሣሪያ አበጁ። ተረከዝ ሥር ያለ ማብሪያ፣ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ የእግርን ፊት የሚያነሣውን ነርቭ ያነቃቃል። መሣሪያው የሚሠራው ሰውየው ለመራመድ በሞከረበት ቅጽበት ብቻ ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እግራቸውን በራሳቸው ማንሣት መቻላቸውን ጸሐፊዎቹ ልብ ብለው መዝግበዋል።

ከ60 ዓመት በኋላ ይኸው ሐሳብ በአንገት ውስጥ ባለው ቬገስ ነርቭ ላይ ተመልሶ መጣ። በአይጦች ላይ የተሠሩ ሥራዎች ነርቩ በልምምዱ ቅጽበት ሲነቃቃ እጅ በተሻለ ሁኔታ እንደሚያገግም፣ ከልምምዱ በኋላ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ጥቅሙ እንደሚያንስ አመለከቱ። በ2021 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት በእንግሊዝና በአሜሪካ በ19 ማዕከላት፣ ስትሮክ ካገኛቸው ቢያንስ 9 ወር ባለፋቸው 108 ሰዎች ላይ ተካሄደ። ሁሉም መሣሪያው በቀዶ ጥገና ገባላቸው፤ ሁሉም ለስድስት ሳምንት ያንኑ ከባድ የእጅ ልምምድ ሠሩ። በግማሾቹ ላይ ግን ባለሙያው እንቅስቃሴው ሲጀመር ለግማሽ ሰከንድ እውነተኛ ማነቃቂያ ይሰጥ ነበር። በእጅ እንቅስቃሴ መለኪያው ላይ እነዚህ በአማካይ 5.0 ነጥብ፣ ሌሎቹ 2.4 ነጥብ አሻሻሉ። ከሦስት ወር በኋላ ለኑሮ ለውጥ የሚያመጣ መሻሻል ያሳዩት 47 በመቶና 24 በመቶ ነበሩ። ይህ ተአምር አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያንን ደረጃ አልደረሱም። ነገር ግን ከቁጥሩ ሁለተኛውን ወገን አትርሱ፤ ያለ ማነቃቂያ፣ በልምምድ ብቻ፣ ከአራት ሰው አንዱ ያህል ተሻሽሏል። ለስትሮክ ሕሙማን በቂ የፊዚዮቴራፒ ሰዓት መስጠት ባልቻልንበት አገር ቀድሞ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ለመናገር ምርምር አያስፈልግም።

ስለ ዋጋውም መናገር ግዴታዬ ነው። ብዙዎቹ የነርቭ ኤሌክትሮድ ሙከራዎች ሽቦን በቆዳ ያሳልፋሉ፤ ቆዳ የተበሳበት ቦታ ሁሉ የጀርም በር ነው። ሰውነት ኤሌክትሮዱን በጠባሳ ይከብበዋል። ሙከራውም ያበቃል። በክሊቭላንድ ሁለት ሰዎች የሚሰማውን እጅ ቤታቸው ወስደው ሲጠቀሙበት እንደገና እጅ እንዳላቸው ተሰማቸው፤ በ2018 የታተመው ዘገባ ይህን ይናገራል። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ድጋፉ ሲያልቅስ? በዓይን ማነቃቂያ መስክ የሆነውን እናውቃለን። ሴከንድ ሳይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አርገስ 2 የተባለውን የዓይን ተከል ከ350 ለሚበልጡ ሰዎች ካስገባ በኋላ ድጋፉን አቆመ፤ ሰዎቹ ጥገና የሌለው ብረት በዓይናቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ የምታገለግሉ ባልደረቦቼ፣ በፈቃድ ቅጹ ላይ «ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያው የማን ነው? ማን ይጠግነዋል? ማን ያወጣዋል?» የሚል ጥያቄ ያልተመለሰበትን ማመልከቻ ባትፈርሙ እመክራለሁ። ሙከራው በውጭ ገንዘብ እዚህ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ይልቁን።

እኛስ ምን እናድርግ? በቀዶ ጥገና የሚገባ ኤሌክትሮድ ዛሬ የክፍላችን ሥራ አይደለም፤ ነው ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ነገር ግን መንገዱ ሰፊ ነው። በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ተራ ኤሌክትሮድ የቀረውን ክንድ ነርቭ አነቃቅቶ በሌለው እጅ ላይ ስሜት ማምጣት በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ እንደሚቻል ታይቷል። ከዚህም ቀላል የሆነ ነገር አለ፦ በተወሰነ ኃይል የሚጎብጥ የናይለን ክር። በሥጋ ደዌና በስኳር ሕመም ክሊኒኮች እግርና እጅ መስማት አለመስማቱን የሚመረምሩት በዚህ ነው፤ 10 ግራም የሚባለው ለእግር የተለመደው መለኪያ ነው። የንክኪ ሳይንስ ከዚህ ክር ሊጀምር ይችላል። ክሩን በትክክል መሥራትና መለካት የቻለ ተማሪ፣ አምስት ሞተር ካገጣጠመው ተማሪ ያነሰ ነገር አልሠራም።

መለኪያችንም የራሳችን ይሁን። ቼሪና ወይን የሚጨብጡ እጆችን አይተናል። እኛ በጣታችን የምንበላ ሕዝብ ነን። እንጀራ ቆርሶ ወጥ መጠቅለል ሦስት ጣት የሚተባበርበት፣ እርጥበትንና ልስላሴን በየቅጽበቱ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚቀደደውና የማይቀደደው በጥቂት ግፊት ይለያያል። አጉርሶ ማውጣት ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ ሌላ ሰው አፍ ላይ የሚደርስ ጣት ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በእኔ ሥር የሚሠራ የሰው ሠራሽ እጅ ፕሮጀክት የሚመዘንበት ቅጽ ላይ ሦስት ሥራ ጨምሬአለሁ፦ ሲኒ ማንሣት፣ እንጀራ መጠቅለል፣ ከቦርሳ ውስጥ ሳያዩ ቁልፍ ማውጣት። ሦስቱም ዓይን ተሸፍኖ ይሠራሉ። ቅጹ በክፍሉ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የሚጎድለው ካለ ንገሩኝ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።